ሁለቱ ሰዎች ለምን ዝም አሉ? ስለ ዓይነታዊ መረጃ አሰባሰብ



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ጽሑፍ በተለይ ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ ነው። ፕሮፖዛላችሁ ላይ «ጥናቱ ዓይነታዊ ነው፤ መረጃው በቃለ መጠይቅ፣ በምልከታ፣ በቡድን ተኮር ውይይትና በሰነድ ፍተሻ ይሰበሰባል» ብላችሁ ጽፋችሁ አማካሪያችሁም ተቀብሏችኋል እንበል። ያቺ ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ከፕሮፖዛል ወደ ፕሮፖዛል እየተገለበጠች የምትኖር ናት። ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ግን ማንን ቀድማችሁ እንደምታነጋግሩ፣ በምን እንደምትጀምሩ፣ ሰውየው ዝም ቢላችሁ ምን እንደምታደርጉ አትነግራችሁም። ስለዚህ በትርጉምና በምደባ ከመጀመር፣ እዚሁ ጣና ዙሪያ ከደረሰ አንድ ታሪክ እንነሳ።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የአባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ አገራችን መጥቶ እ.ኤ.አ በ1770 ግሽ ደርሷል። አማርኛ ይናገር ነበር። በጣና ዙሪያ የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል፤ ስለ ቋንቋው ለማወቅም ጥሯል። የተጠቀመበት መንገድ ግን ይህ ነበር፦ ንጉሡን ለመነ፤ ንጉሡም ከማኅበረሰቡ ሁለት ሰዎች አስጠራለት። ተጠየቁ፤ አልመለሱም። ትሰቀላላችሁ ተብሎ ሲዛትባቸውም አልመለሱም፤ እንደ ብሩስ አጻጻፍ የተባሉትንም የተረዱ አይመስሉም ነበር። እሱም ስለ ቋንቋው እርግጠኛ መረጃ ማግኘት እንዳልቻለ ጽፎ አለፈ።

ከእሱ በኋላ ስለነሱ የጻፈው አውሮፓዊ ኦይገን ሚትቮኽ ነው። እ.ኤ.አ በ1907 ባሳተመው ጽሑፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ እንደሆኑ ዘገበ። በ1928 ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በአካባቢው ሲያልፍ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ አንድ ነገር ግን ጨመረ። ከነገደ ወይጦ አንዱ ሰው በሞተው ቋንቋ ዘፈን ዘፍኖለት ነበር። ዘፋኙ ራሱ ትርጉሙን አያውቀውም፤ የሚያውቃቸው የጉማሬን የአካል ክፍሎች የሚጠሩ ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው። ዘፈኑ ተመዝግቦ አልቀረም። በ1939 ደግሞ ማርሴል ኮኸን የነገደ ወይጦን አማርኛ ሲገልጽ፣ ከአማርኛ ሥር የወጡ ሆነው ባዕድ ሰው እንዳይገባው ድምፃቸው ወይም ፍቺያቸው የተጠመዘዙ ቃላት እንዳሉበት ጻፈ። ዛሬ ሊቃውንት ቋንቋው ከየትኛው የቋንቋ ቤተሰብ ይመደብ እንደነበር ይከራከራሉ፤ የሚከራከሩበት በቂ ቃል እንኳን በእጃቸው የለም።

እንግዲህ ዓይነታዊ መረጃ አሰባሰብ የሚባለው ትምህርት አብዛኛው በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ።

ቤት ሳይፈቀድ አይገባም

ብሩስ ቋንቋውን ይችል ነበር፣ ድጋፍ ነበረው፣ የማወቅ ጉጉትም ነበረው። የጎደለው በተጠሪዎቹ ዓይን ማን እንደሆነ ማሰብ ነው። በንጉሥ ትእዛዝ ተይዞ የመጣ ሰው፣ ፊቱ የገመድ ዛቻ ያለበት ሰው፣ ጥያቄውን እንደ ምርመራ እንጂ እንደ ጨዋታ አይሰማውም። ዝምታቸው «አልገባንም» ይሁን «አንነግርህም» ብሩስ ለይቶ ማወቅ አልቻለም፤ እኛም ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ መለየት አንችልም። መረጃ አሰባሰቡ የተበላሸው ጥያቄው ከመጠየቁ በፊት ነው።

«እኛ ንጉሥ የለን፣ ገመድ የለን» እንዳትሉ። ከዩኒቨርሲቲ የተጻፈ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛችሁ፣ የቀበሌ ሠራተኛ አስከትላችሁ፣ አንዲት ደንገል የምትሰፋ እናት ደጅ ስትቆሙ ለእሷ ምን ትመስላላችሁ? ቀበሌው የሰጣችሁ ስም ዝርዝር የቀበሌው ወዳጆች ዝርዝር ሊሆን ይችላል። አብሯችሁ የቆመው ሠራተኛ ፊት ስለ ቀበሌው የሚነገራችሁ ምስጋና ደግሞ መረጃነቱ ስለ ምስጋናው ሳይሆን ስለ ሠራተኛው መኖር ነው። ደብዳቤው ያስፈልጋል፤ አስገቡት፣ አስፈርሙት። ከዚያ ግን ብቻችሁን፣ በሁለተኛ ቀን፣ ማኅበረሰቡ የሚያከብረው ሰው አስተዋውቋችሁ ሂዱ። ለእኛ ይህ ሰው ብዙ ጊዜ የመስጂዱ ኢማም ወይም የዕድሩ ዳኛ ነው። እሱም ቢሆን አስተዋውቆ ይሂድ እንጂ ቁጭ ብሎ አያዳምጥ።

በሱረቱ ኑር 27ኛውና 28ኛው አንቀጾች የሰው ቤት ከመግባት በፊት ፈቃድ መጠየቅና ሰላምታ ማቅረብ ታዝዘናል፤ ተመለሱ ከተባልንም እንድንመለስ። የምርምር ሥነ ምግባር «በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ» የሚለው ነገር ለሙስሊም ተማሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሰውየው ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደምትጠይቁ፣ ቃሉ የት እንደሚደርስ፣ ምንም ጥቅም እንደማታመጡለት (ይህንን በግልጽ ንገሩት፤ ብዙዎች ተማሪን የእርዳታ ድርጅት መዝጋቢ ይመስላቸዋል)፣ በፈለገ ሰዓት ማቋረጥ እንደሚችል አውቆ እሺ ሲል ነው ፈቃድ የሚባለው። ፊርማ የሚያስፈራው ሰው ብዙ ነው። ፊርማ በዚህ አገር መሬት ያስወሰደ፣ እዳ ያመጣ ነገር ነው። የምትጠኑበት ክፍል የሚፈቅድ ከሆነ የቃል ፈቃድ ተቀበሉና ቀኑን በማስታወሻችሁ መዝግቡ። «ዛሬ አይመቸኝም» ማለት በእኛ አገር ጨዋነት አብዛኛውን ጊዜ «አልፈልግም» ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ከተቀጠራችሁ ገባችሁ ማለት ነው፤ አመስግናችሁ ተመለሱ።

ስለ ቋንቋው አትጠይቁ፣ ስለ ጉማሬው ጠይቁ

የግሪዮልን ዘፋኝ አስታውሱ። የቋንቋው ሰዋስው፣ የዘፈኑ ፍቺ ሁሉ ጠፍቶ የቀሩት የጉማሬ የአካል ክፍሎች ስሞች ናቸው። ለምን? ነገደ ወይጦ በጉማሬ አደን የሚታወቅ ሕዝብ ነበር፤ ሥጋ ሲከፋፈል ቃሉ ከእጅ ሥራው ጋር ተጣብቆ ኖረ። የሰው ትውስታ እንዲህ ነው። ጽንሰ ሐሳብን አያስታውስም፤ የሠራውን፣ የነካውን፣ የደረሰበትን ግን ያስታውሳል።

ጥያቄያችሁን በዚህ ለኩት። ርእሳችሁ እንቦጭ በጣና ዳር ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ ነው እንበል። ወረቀታችሁ ላይ «እንቦጭ በኑሮዎ ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ አሳድሯል ወይ?» የሚል ከሆነ መልሱን ራሳችሁ ጽፋችሁታል፤ ሰውየው «አዎ፣ በጣም» ብሎ ያሰናብታችኋል። ይልቅ «ባለፈው ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሐይቁ የወጡበትን ቀን ከማለዳው ጀምረው ይንገሩኝ» በሉት። ታንኳውን ከየት እንዳነሳ፣ ቀድሞ በየት ይወጣ እንደነበር፣ ደንገሉን አሁን ከየት እንደሚያመጣ፣ መረቡ ምን ይዞ እንደወጣ ይነግራችኋል። እንቦጭ በመሐል ራሱ ይመጣል። ካልመጣም ያ ትልቅ ግኝት ነው፤ ለእናንተ ዋና ችግር የመሰላችሁ ለእሱ ዋና ችግር አይደለም ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ በከፊል የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ ይባላል። ርእሰ ጉዳዮቹን ጽፋችሁ ትሄዳላችሁ፤ ቅደም ተከተሉንና አነጋገሩን ግን ጨዋታው ይወስነዋል። ሰባት ስምንት ዋና ጥያቄ ይበቃል። ሠላሳ ጥያቄ የያዘ ሰው ሠላሳ አጭር መልስ ይዞ ይመለሳል። ከጥያቄው ይልቅ የሚጠቅመው ተከታዩ ነው፦ «ከዚያስ?»፣ «እንዴት ማለትዎ ነው?»፣ «እስቲ አንድ ቀን የሆነውን ይንገሩኝ»። ወይም ደግሞ ምንም አለማለት። እኛ ተማሪዎች ዝምታ ስለሚያስጨንቀን የሚቀጥለውን ጥያቄ እናዘንባለን። አምስት ስድስት ሰኮንድ ታገሡ፤ አዛውንት ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ከዝምታ በኋላ ነው።

እዚህ አካባቢ በጣም የምትሰሙት መልስ አለ፦ «እኛ ምን እናውቃለን፣ እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ እንጂ።» ይህ ትሕትናም ነው፣ መከላከያም ነው። ዶናልድ ሌቪን ስለ አማራው ማኅበረሰብ በ1965 (እ.ኤ.አ) ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በላይ የሚነገረውና ከሥር ያለው የሚለያይበት የንግግር ባህል ነው ያለን። ኮኸን ያገኛቸው የተጠመዘዙ ቃላትም ይህንኑ ይነግሩናል። የተናቀ ማኅበረሰብ ቋንቋውን እንደ አጥር ይሠራበታል። መረጃ ሰጪ ሲከፍቱት የሚፈስ ቧንቧ አይደለም። የሚጠብቀው ነገር አለው፣ የመጠበቅም መብት አለው። አጥሩ ባለበት ቦታ «እዚህ አጥር አለ» ብሎ መጻፍ ራሱ ጥሩ መረጃ ነው፤ አጥሩን ለመዝለል መሞከር ግን የእኛ ሥራ አይደለም።

የዘመን ጥያቄ ላይ አንድ ትንሽ ምክር። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበሉ። «ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ?»፣ «ደርግ ሳይወድቅ ነው?»፣ «የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» በሉ፤ ዓመቱን እናንተ ታሰሉታላችሁ።

እኛ ሙስሊሞች ስለሆንን የሚመጣ ችግር

ይህንን ሌላ የምርምር መጽሐፍ ስለማይነግራችሁ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ነገደ ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ግን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በጉማሬ ሥጋ ምክንያት ለረጅም ዘመን እስልምናቸውን ሳይቀበሉ ኖረዋል። አሁን ከኛ አንዱ፣ ሒጃብ የለበሰች እህት ወይም ጺሙን ያሳደገ ወንድም፣ ሄዶ «ትሰግዳላችሁ? ጉማሬ ትበሉ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ የሚሰማው ምንድን ነው? ተጠያቂው ጥያቄውን እንደ ምርምር አይሰማውም፤ እምነቱን የሚመዝን ዳኛ እንደመጣበት ነው የሚሰማው። የሚሰጠውም መልስ ለዳኛ የሚሰጥ መልስ ነው። ቅርበታችን በር ይከፍትልናል፤ ያው ቅርበት ሌላ በር ይዘጋል። ስለዚህ የሃይማኖት ጥያቄ ርእሳችሁ ካልሆነ አታንሱት። ርእሳችሁ ከሆነም «እዚህ መንደር ዒድ እንዴት ይውላል? አባትዎ በነበሩበት ጊዜስ?» ብሎ መጀመር ይቻላል። አጠራሩንም ተጠንቀቁ፤ ከዘር ስም ጋር ንቀት የተለጠፈበት አገር ነውና፣ ሰዎቹ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ጥሩ።

በተቃራኒውም አለ። በጣና ደሴቶች ላይ ስላሉት ገዳማት የምታጠኑ ትኖሩ ይሆናል። አልቢሩኒ ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ስለ ሕንድ ሲጽፍ ሳንስክሪት ተምሮ፣ መጽሐፎቻቸውን አንብቦ፣ ሊቃውንታቸውን ጠይቆ ነው የጻፈው። መጽሐፉ የክርክር መጽሐፍ እንዳልሆነ፣ ሰዎቹ የሚሉትን እነሱ በሚሉት መንገድ እንደሚያቀርብ ገና በመግቢያው ተናግሯል። ዓቂዳው ምን እንደሆነ የሚጠራጠር አልነበረም። የሰማነውን በታማኝነት መጻፍ መቀበል ማለት አይደለም።

አልቢሩኒ መጽሐፉን የጀመረው በዓይን የታየና በወሬ የተሰማ ነገር እንደማይስተካከሉ በማስረዳት፣ የሐሰት ተናጋሪዎችንም ዓይነት በመዘርዘር ነበር። ወሬ ሲመጣ አጣሩ የሚለውን የሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ትእዛዝ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሐዲስ ሊቃውንትም የዘጋቢዎችን ሰንሰለትና ማንነት የሚመረምር ሙሉ ዕውቀት በዚህ ላይ ገንብተዋል። ከነሱ ለመስክ ማስታወሻችን አንድ ልማድ ብንወስድ ይበቃናል፦ እያንዳንዱን ቃል «አየሁ» ነው፣ «እገሌ ነገረኝ» ነው፣ ወይስ «ይባላል» ነው ብሎ መለየት። ባሕር ዳር ላይ ስለ ድሮው የሚነገር ብዙው ነገር «ይባላል» ነው። በማስታወሻው ዳር አንድ ምልክት አድርጉ፤ ትንተና ላይ ስትደርሱ ታመሰግኑታላችሁ።

አንድ ልዩነት ግን እንዳይምታታ። የሐዲስ ሊቅ ደካማ ዘገባን ይጥላል። ዓይነታዊ ተመራማሪ ግን የተሳሳተ ንግግርንም አይጥልም፤ ምክንያቱም ጥያቄው «ምን ሆነ?» ብቻ ሳይሆን «ሰዎች የሆነውን እንዴት ያዩታል?» ነው። አንድ ባለ ባጃጅ «ታሪፉን የጨመረው እገሌ ነው» ቢላችሁና ስህተት ቢሆን፣ ታሪፉን ማን እንደጨመረ አላወቃችሁም፤ ማን ላይ እምነት እንደሌለው ግን አወቃችሁ። ሁለቱን በጥናታችሁ አትቀላቅሉ።

መቀመጥና ማየት

ሰው ደንቡን ሲጠየቅ ደንቡን ይናገራል፤ የሚያደርገው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ የተሠራ ጥሩ ምሳሌ የአለን ሆበን ጥናት ነው። ጎጃም ውስጥ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ስለ ርስት አጠና፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ በ1973 ወጣ። ርስት እንዴት ይወረሳል ብትሉ ማንም ገበሬ ከአባት ከእናት ዘር ቆጥሮ ያስረዳችኋል። ሆበን ግን ሰዎች በተግባር ሲከራከሩ፣ ሽማግሌ ሲያስቀምጡ፣ የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ ተከታተለ። ያኔ የታየው ርስት ዝም ብሎ የሚቀበሉት ድርሻ ሳይሆን በሙግት፣ በወዳጅና በብልሃት የሚያዝ ነገር መሆኑ ነው። ይህ በመጠይቅ ወረቀት አይገኝም።

ለእናንተ ዓመት ሁለት ዓመት የለም፤ ሁለት ሳምንት አለ። ሁለት ሳምንትም ቢሆን ዓሣ በሚወርድበት ቦታ ጠዋት ጠዋት መቀመጥ ይቻላል። ፋሲሎ ውስጥ ቡና የሚያፈሉ እህቶችን የሚያጠና ሰው ሁለት ቃለ መጠይቅ ቀንሶ አንድ ሙሉ ቀን አንድ ቦታ ቢቀመጥ ይሻለዋል፦ ማን በዱቤ ይጠጣል፣ ማን ይመጣና ሳይከፍል ይሄዳል፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ምን ይሆናል። የምታዩትን ከምትተረጉሙት ለዩ። «ተናደደች» ትርጉም ነው፤ «ስኒውን አስቀምጣ ፊቷን አዞረች፣ ለቀጣዩ ደንበኛ መልስ አልሰጠችም» ምልከታ ነው።

ማንነትን ደብቆ መመልከት ግን ለእኛ ቀላል አይደለም። በዚያው በሑጁራት ምዕራፍ 12ኛው አንቀጽ ከጥርጣሬ፣ የሰውን ነውር ከመሰለልና ከሐሜት ተከልክለናል። አደባባይ ላይ ማንም የሚያየውን ማየት አንድ ነገር ነው። ጀመዓ መስሎ ገብቶ የሰዎችን ጨዋታ በስልክ መቅዳት ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ የምርምር መጻሕፍት ስውር ምልከታን እንደ አንድ አማራጭ ይዘረዝሩታል፤ እኔ በተማሪ ጥናት ውስጥ የሚያስፈልግበት ቦታ አይታየኝም።

ስለ ቡድን ውይይት ጥቂት

ቡድን ተኮር ውይይት የተጀመረው እ.ኤ.አ በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ ሮበርት መርተንና ባልደረቦቹ ሰዎች ስለ ሬዲዮ ዝግጅት ያላቸውን ስሜት ለማወቅ ሲሞክሩ ነው። ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ የሚፈለገው የስምንት ሰው መልስ ሳይሆን በመካከላቸው የሚነሳው ስምምነትና ክርክር ነው። በእኛ አገር ችግሩ ሸይኹ ወይም አባወራው ከተናገሩ በኋላ ክርክር አለመኖሩ ነው። ሁሉም «ልክ ነው፣ ሐጂ እንዳሉት» ይላል። ሴቶችን ለብቻ፣ ወጣቶችን ለብቻ፣ አዛውንቶችን ለብቻ ሰብስቡ። የሴቶቹን ውይይት እህት ትምራው፤ የወንድም ጥያቄ መልሱን ያሳጥረዋል። ከዙህርና ከአስር ሶላት ጋር እንዳይጋጭ አድርጋችሁ ቅጠሩ። በቤተሰብ ስለሚፈጠር ጠብ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ሕመም በቡድን አትጠይቁ። እናንተ ምስጢር ትጠብቃላችሁ፤ የተቀመጡት ሰባት ጎረቤቶች ግን ምንም አልፈረሙላችሁም።

ስንት ሰው ይበቃል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። አዲስ ቃለ መጠይቅ አዲስ ነገር ማምጣቱን ሲያቆም ይበቃል፤ ሙሌት ይሉታል። በ2006 እ.ኤ.አ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ጋናና ናይጄሪያ ውስጥ ከተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆች ውስጥ ዋና ዋና ሐሳቦቹ በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ እንደተገኙ አሳይቷል። ይህን ይዛችሁ «12 ይበቃል» አትበሉ። የዚያ ጥናት ተሳታፊዎች ተመሳሳይ ኑሮ ያላቸው ሴቶች ነበሩ። የናንተ ዓሣ አጥማጅም፣ ነጋዴም፣ ባለሥልጣንም ከሆነ ለየቡድኑ ማሰብ አለባችሁ።

ወረቀትም ይናገራል

በዚህ ረገድ ልናውቀው የሚገባን ሰው ነፍስ ኄር ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና ያጠናውና እ.ኤ.አ በ2001 በእንግሊዝኛ የታተመው መጽሐፉ የቆመው በሁለት እግር ነው። አንደኛው በየመንደሩና በየመሻኢኹ ዘንድ የተቀመጡ በእጅ የተጻፉ ኪታቦች፣ ሁለተኛው ከአዛውንቶች አፍ የተሰበሰበ ታሪክ ነው። ኪታቡ የሸይኹን ከራማ ይተርካል፤ አዛውንቱ የሸይኹን የመሬትና የገበያ ጉዳይ ያስታውሳል። አንዱ ብቻውን ቢሆን ግማሽ ታሪክ ነበር። ከዚያ በፊትማ ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) በአቡበክር (ረ.ዐ) ትእዛዝ ቁርኣንን ሲያሰባስብ፣ ራሱ የወሕይ ጸሐፊ ሆኖ ሳለ በራሱ ሒፍዝ ብቻ አልተወሰነም፤ ከዘንባባ ዝንጣፊ፣ ከድንጋይ ገበታና ከሰዎች ልብ እያመሳከረ ነው የሰበሰበው። የእኛን ጥቃቅን ጥናት ከዚያ ጋር ማወዳደር አይደለም፤ ማመሳከር ምን ያህል ቁም ነገር እንደሆነ ለማየት ነው።

ባሕር ዳር ላይ የዕድር መዝገብ፣ የመስጂድ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ በፈቃድ ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤት መዛግብት አሉ። ስታነቡ ማን እንደጻፈው፣ ለማን እንደጻፈው፣ ምን እንዳልተጻፈ ጠይቁ።

ድምፁን መቅዳት፣ ቃሉን መጠበቅ

የግሪዮል ዘፋኝ ዘፈን ባለመመዝገቡ ጠፋ። እናንተ ኪሳችሁ ውስጥ መቅጃ አለ። ፈቃድ ጠይቃችሁ ቅዱ፤ ካልተፈቀደ በእጅ ጻፉ፤ ያም ካስጨነቀው አዳምጡና በዚያው ማታ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ። ነገ ግማሹ የለም። የአንድ ሰዓት ቅጂ በጽሑፍ ለመገልበጥ አምስት ስድስት ሰዓት እንደሚፈጅም ከወዲሁ አስቡት፤ የሰኔ ጭንቀት ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የተናገሩትን መጀመሪያ በተናገሩበት ቋንቋ ጻፉት። ብዙዎቻችሁ በአማርኛ ሰምታችሁ በቀጥታ በእንግሊዝኛ ትጽፋላችሁ፤ ያኔ የጎጃሟ እናት እንደ ሪፖርት መናገር ትጀምራለች። ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ በ1932 ጎንደር ላይ ስለ ዛር ሲያጠና (ርእሱ ለእኛ የሚመች ባይሆንም) የሥራው ትልቅ ሀብት የሆነው አብሮት የሠራው ኢትዮጵያዊው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ በቦታው በአማርኛ የመዘገበው ማስታወሻ ነው። አማርኛውን ከትርጉሙ ጎን አስቀምጡት፤ አማካሪያችሁ ባይጠይቃችሁም በአባሪ አስገቡት።

የተነገራችሁ ቃል አማና ነው። ክልላችን ባለበት የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ ይህ የወረቀት ደንብ ብቻ አይደለም። ስም አትጻፉ፤ «ቃለ መጠይቅ 4፣ ሴት፣ በሃምሳዎቹ» ይበቃል። ስሙንና ቁጥሩን የሚያገናኘውን ዝርዝር ከቅጂው ለይታችሁ አስቀምጡ። መንደሩ ትንሽ ከሆነ «የመንደሩ ብቸኛ አዋላጅ» ማለት ስም ከመጥራት አይለይም። ቅጂውን በቴሌግራም ለጓደኛ «እስቲ ገልብጥልኝ» ብላችሁ አትላኩ። ስለ ታጠቀ ወገን፣ ማን የት እንደሄደ፣ ማን ማንን እንደሚደግፍ ጥናታችሁ የማይፈልገውን ነገር ሰው በራሱ ጊዜ ቢያነሳም መቅጃውን አጥፉና ጨዋታውን ወደ ሌላ መልሱ፤ በማስታወሻችሁም አታስፍሩት።

ጥናቱ ካለቀ በኋላ የሚቀር አንድ ጉዞ አለ። ግኝታችሁን በሁለት ገጽ ቀለል ባለ አማርኛ ጻፉና ወደ መንደሩ ተመልሳችሁ አንብቡላቸው። «ይህ ልክ አይደለም፣ እኛ እንዲህ አላልንም» የሚሏችሁ ነገር ካለ ከመከላከያ ቀን በፊት ብትሰሙት ይሻላል፤ ስለዚህ ጉዞውን በግንቦት አድርጉት እንጂ ከምረቃ በኋላ አትበሉ። ቃለ መጠይቅ የሰጧችሁ አዛውንት ካረፉ ደግሞ የድምፅ ቅጂውን ልጆቻቸው ይፈልጉት ይሆናል፤ ጠይቋቸው።